ጭንጫ ላይ የበቀለ ርስት

በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ከሰማኋቸው ምሳሌዎች መካከል እንደ ዘሪው ምሳሌ በልቤ የቀረ የለም። ጭንጫ ላይ የወደቀው ዘር ፈጥኖ በቅሎ ፈጥኖ እንደሚጠወልግ ሰባኪው ሲነግረን፣ ጭንጫ ማለት ተስፋ የሌለው መሬት ነው ብዬ ተቀበልሁ። በእኛ አገር ገበሬ ዘንድ ደግሞ ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ከአባቱ ርስት ጭንጫው የደረሰው ወራሽ እንደ ተበደለ ይቆጥረዋል።

ይህን የቆየ እምነቴን ያናጋው በአሜሪካ ደቡባዊ ጫፍ፣ በፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ስላሉት ደሴቶች ያነበብሁት ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

ከማያሚ በስተደቡብ የተደረደሩት እነዚህ ትንንሽ ደሴቶች ‹ኪ› ይባላሉ፤ ቃሉ ከስፓኒሹ ‹ካዮ› የመጣ ነው። የቆሙበት ድንጋይ ከዛሬ 125 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ባሕሩ ከዛሬው ከፍ ብሎ ሳለ፣ ሕይወት ያለው ኮራል ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ ኮራሉ ሞቶ የኖራ ድንጋይ ሆነ። በላዩ ያለው አፈር በብዙ ስፍራ አንድ ስንዝር አይሞላም፤ ድንጋዩ ራቁቱን የሚታይበትም ብዙ ነው። ሆኖም በዚያች አፈር ላይ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆነ ጥቅጥቅ ያለ ደን ይቆማል። የአገሩ ሰዎች ‹ሃሞክ› ይሉታል። ማሆጋኒ ይበቅልበታል። ልጣጩ ቀይ የሆነው ‹ጋምቦ ሊምቦ› የሚባለውም ዛፍ አለበት፤ ይህ ዛፍ ከእኛው የዕጣን ዛፍ ጋር በአንድ የእጽዋት ቤተሰብ የሚመደብ ስለሆነ፣ ይህን ሳውቅ በባዕድ አገር ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ።

ደን እንዴት በድንጋይ ላይ ይቆማል? ምሥጢሩ አፈሩ ከድንጋዩ አለመወለዱ ነው። ብዙ ድንጋይ ሲፈርስ አፈር ይተዋል፤ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ግን በዝናብ ውኃ ሟሙቶ ሲሄድ የሚተወው እጅግ ጥቂት ነው። በድንጋዩ ላይ ጉድጓድና ስንጥቅ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ አፈሩን የሚሠራው ደኑ ራሱ ነው። ቅጠል ይረግፋል፤ ቅጠሉ በጥላውና በእርጥበቱ ውስጥ ይበሰብሳል፤ ብስባሹ በስንጥቁ ይጠራቀማል፤ ሥሩም ወደ ጎን እየተዘረጋ፣ ስንጥቁንም እየተከተለ ዛፉን ይሸከማል። ዛፉ የሚበላው የአባቶቹን ቅጠል ነው ማለት ይቻላል። ደኑ በተመነጠረ ጊዜ ግን ፀሐይ ይገባል፤ አፈሩ ይደርቃል፤ እሳት ከተነሣም ከዛፉ ጋር አፈሩ አብሮ ይነድዳል። የሚቀረው ድንጋይ ነው።

የእነዚህ ደሴቶች የእርሻ ታሪክ ይህን ካለማስተዋል፣ ወይም አስተውሎ ግድ ካለመስጠት ይጀምራል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ በኪ ላርጎና በአካባቢው ባሉ ደሴቶች የአናናስ እርሻ ተስፋፋ። ሃሞኩ ይቆረጣል፤ ይቃጠላል፤ አናናሱም አፈር ባለበት ሽንቁር ሁሉ ይተከላል። አመዱና የዘመናት ብስባሽ ተደምረው ለጥቂት ዓመታት ያማረ ምርት ሰጡ። ከዚያም መሬቱ ደከመ፤ ገበሬውም ቀጣዩን ደን መነጠረ። የ1906ቱ አውሎ ነፋስና ከኩባ የሚመጣው ርካሽ አናናስ ሲጨመሩበት፣ ንግዱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ወደቀ። ፈጥኖ የበቀለው ፈጥኖ ጠወለገ፤ ምሳሌው በዚህ በኩል አልተሳሳተም።

እኔን የያዘኝ ግን በዚህ መካከል የሚገኘው የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው። እስራኤል ላፋዬት ጆንስ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ በ1858፣ የአገሩ ባርነት ገና ሳይሻር፣ በሰሜን ካሮላይና ተወለደ። በ1892 ወደ ደቡብ ፍሎሪዳ መጥቶ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ በሠራተኝነት ተቀጠረ፤ በኋላም የአናናስ እርሻ አለቃ ሆነ። ሞዜል ኦልበሪ የምትባል የባሃማስ ተወላጅ አገባ። በ1897ም ፖርጊ ኪ የተባለችውን ደሴት በ300 ዶላር ገዛ። ጥቁር ሰው በሕግና በዱላ ከመብቱ ሁሉ በሚገፋበት በዚያ ዘመን፣ በዚያው በደቡቡ ምድር የራሱ የሆነ ደሴት! ሌላው ያልፈለገው ጭንጫ ለእርሱ ርስት ሆነው።

እስራኤልም ደን መንጥሯል፤ ይህን መሸፈን አልሻም። አናናስ ተክሏል፤ ከአናናሱም ጋር ሎሚ። ሎሚው ዛሬ በዓለም ‹ኪ ላይም› እየተባለ በደሴቶቹ ስም የሚጠራው ነው፤ ይሁንና ልጣጯ ስስ የሆነችው፣ በእኛ አገር በጥምቀት ዕለት ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ የሚወረውራት ያችው ትንሿ ሎሚ ናት። በ1911 ቶተን ኪ ላይ 212 ኤከር መሬት፣ ኤከሩን በአንድ ዶላር ገዛ፤ በ1925 የፍሎሪዳ መሬት ዋጋ ባበደበት ወቅት በ250 ሺህ ዶላር ሸጠው። ለሁለቱ ልጆቹ ደግሞ ከጥንቱ የንጉሥ አርተር ተረት ስም አወጣላቸው፤ ታላቁን ኪንግ አርተር፣ ታናሹን ሰር ላንስሎት አላቸው። በእርሱ ዘመን ለአንድ ጥቁር ሰው ‹አቶ› የሚለውን ማዕረግ እንኳ የሚነፍግ ነጭ ብዙ ነበርና፣ ልጆቹን በስማቸው የሚጠራ ሁሉ ‹ንጉሥ› እና ‹ጌታ› ሳይል እንዳያልፍ አድርጓል። አስቦበት ይሁን አይሁን አልፈርድም፤ ሳስበው ግን ደስ ይለኛል።

እስራኤል በ1932 ሞተ። የሎሚው ንግድ ሲዳከም ወንድማማቾቹ ዓሣ ሊያጠምዱ ለሚመጡ ሀብታሞች የባሕር መሪ ሆነው ኖሩ። ከዚያም በ1960 በእነዚህ ደሴቶች ላይ ‹ኢስላንዲያ› የምትባል ከተማ በወረቀት ተቆረቆረች። ባለ መሬቶቹ ድልድይ፣ ሆቴልና መንገድ አለሙ። መንግሥት ስፍራውን ሊከልል መሆኑ ሲሰማ፣ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ በ1968 ቡልዶዘር አምጥተው የኤሊየት ኪን ደን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ 11 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ስድስት መኪና ጎን ለጎን በሚያሳልፍ ስፋት ገመሱት። ደኑን በማበላሸት የመከለሉን ምክንያት ለማጥፋት ነበር። ሕዝቡ ‹የቂም መንገድ› ብሎ ሰየመው። አልተሳካላቸውም፤ በጥቅምት 1968 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የቢስኬይንን ጥብቅ ስፍራ በሕግ አጸደቁ፤ በ1980ም ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። የኢስላንዲያ ከተማነት በ2012 ተሰረዘ። ደኑ በጠባሳው ላይ ከግራና ከቀኝ ተመልሶ፣ የቂሙ መንገድ ዛሬ ጥላ ያለው የእግረኛ መንገድ ነው።

ላንስሎት ጆንስ ከቂመኞቹ ጋር አልቆመም። በ1970 እርሱና የወንድሙ ሚስት የነበረችው ባልቴት 277 ኤከር መሬታቸውን በ1,272,500 ዶላር ለፓርኩ ሸጡ፤ እርሱም እስኪሞት በሦስት ኤከር ላይ ለመኖር መብቱን አስጠበቀ። ነጻ ስጦታ አልነበረም፤ ያባቱ ሦስት መቶ ዶላር ብዙ ወልዳለች። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ወደ ከተማ አልሄደም። ብቻውን እየኖረ፣ ለሚጎበኙት ተማሪዎች ስለ ባሕሩ ፍጥረታት እያስተማረ ቆየ። ከደሴቱ ያወጣው በ1992 ቤቱን ያፈረሰው አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ ነው። በ1997፣ በ99 ዓመቱ፣ አረፈ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብጨርሰው መልካም ነበር። ግን ከቡልዶዘር የተረፈው ርስት ከባሕሩ አላመለጠም። ድንጋዩ ባለ ብዙ ሽንቁር ስለሆነ የጨው ውኃ በላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም ይመጣል፤ አፈሩም ስስ ነውና ለሥር መሸሻ የለውም። በአሜሪካ ውስጥ በኪ ላርጎ ብቻ ይበቅል የነበረ አንድ የዛፍ ቁልቋል ነበር። በባሕሩ ከፍታ መጨመር ምክንያት ከአሜሪካ ምድር የጠፋ የመጀመሪያው ዝርያ መሆኑን ተመራማሪዎች በ2024 አስታወቁ። የቀሩትን ቁራጮች አስቀድመው አንስተው በችግኝ ጣቢያ ተክለዋቸዋል፤ የሚመለሱበት መሬት ግን እያነሰ ነው።

ከዚህ ንባብ በኋላ ስለ ጭንጫ የነበረኝ ሐሳብ ተለውጧል። ጥልቀት የሌለው አፈር ተስፋ ቢስ አይደለም፤ ተጠባቂ ነው። በላዩ የቆመው እስካለ ይኖራል፤ የቆመውን ያነሣ ሰው የሚያወርሰው ድንጋይ ብቻ ነው። ጆንስ ሽማግሌው በ300 ዶላር የገዛውን ደሴት ባሰብሁ ቁጥር፣ እኛስ ከእግራችን በታች ስንት ስንዝር ቀርቶናል እያልሁ እጠይቃለሁ።