በርገርና ቡሌ፦ የአንድ ሥጋ ሁለት ስም

ያደረ ሥጋ ቤት ውስጥ ሲሆን ፍርፍር ይባላል። ተከትፎ፣ ተጠብሶ ዳቦ መሃል ሲገባ ደግሞ በርገር ነው። ከሆቴል ጓሮ ወጥቶ መርካቶ ሲደርስ ግን ስሙ ቡሌ ይሆናል። ሦስቱም ከአንድ በሬ ብልት የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ታዲያ አንዱን ምግብ፣ ሌላውን ውርደት ያደረገው ምንድን ነው? ነገሩ የጓዳ ወሬ ይመስላል እንጂ የከተማ ጉዳይ ነው።

ከራሳችን ጓዳ እንጀምር። ሥጋ ማቆየት ለእኛ አዲስ አይደለም። ቅርጫ የገባ ቤት ድርሻውን በአንድ ቀን አይጨርስም። ጥሬው ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ተቀብቶ፣ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ቋንጣ ይሆናል። ያደረው እንጀራ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። ሁለቱ ሲገናኙ፣ ዛሬ ምግብ ቤት ገብተን በክብር የምናዝዘው የቋንጣ ፍርፍር ይወጣል። የበዓል ወጥም በማግስቱ ተፈትፍቶ ቁርስ ነው፤ እንዲያውም ካደረ በኋላ ይበልጥ ይጥማል የሚል ብዙ ነው። ትራፊ መብላት ያሳፍራል ያለን ማንም አልነበረም።

ወደ መርካቶ እንምጣ። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ትልቁን ገበያ ከአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው። ስሙንም «የአገሬው ተወላጆች ገበያ» አለው። ሐሳቡ ነጩንና ጥቁሩን በሰፈር መለየት ነበር። ወራሪው ሄደ፤ «የአገሬው ተወላጆች» የሚለው ቅጥያ ቀረና «መርካቶ» ብቻ ተረፈ። ሕዝቡም ቦታውን የራሱ አደረገው። ምናለሽ ተራ ሂዱና እዩ፤ ያለቀለት በርሜልና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል። የመኪና ጎማ በራባሶ ጫማ ይሆናል። መርካቶ የተጣለን ነገር አንሥቶ ስምና ዋጋ የሚሰጥ ሰፈር ነው።

የሚገርመው፣ ለመርካቶ ስሙን የሰጡት ጣሊያኖችም በአገራቸው ጓዳ ሥጋ አይጥሉም። ፔሌግሪኖ አርቱሲ እ.ኤ.አ. በ1891 ባሳተመው ታዋቂ የምግብ መጽሐፍ፣ ፖልፔቴ የሚባለውን የሥጋ ድቡልቡል የሚሠራው ከተረፈ ቅቅል ሥጋ ነው።

በርገርም ቢሆን በክብር አልተወለደም። በአሜሪካ የተፈጨ ሥጋ ለረጅም ጊዜ የሚጠረጠር ምግብ ነበር፤ ከተፈጨ በኋላ አሮጌው ከአዲሱ አይለይማ! እ.ኤ.አ. በ1906 አፕተን ሲንክለር የቺካጎን የሥጋ ፋብሪካዎች ጉድ በልብ ወለድ አወጣ፤ በዚያው ዓመት የሥጋ ቁጥጥር ሕግ ጸደቀ። እ.ኤ.አ. በ1921 በካንሳስ፣ ዊቺታ ከተማ የተከፈተው ዋይት ካስል የሚባል በርገር ቤት ግድግዳውን ነጭ አድርጎ፣ ምግቡን ደንበኛው እያየ ይሠራ ጀመር። በርገርን ከጥርጣሬ ያወጡት ሕግና ግልጽነት ናቸው።

አሁን ቡሌን በዚህ ዓይን እንየው። ከሆቴልና ከምግብ ቤት የተሰበሰበ ትራፊ ነው። የሚበሉት የጎዳና ልጆች፣ ተሸካሚዎች፣ ሥራ ፍለጋ ከገጠር የመጡ ወጣቶች ናቸው። ጥብሱ፣ ሩዙ፣ ፓስታው፣ ሽሮው አንድ ላይ ይቀላቀላል። መቼ እንደተሠራ፣ ስንት ሰዓት ፀሐይ ላይ እንደቆየ፣ ከማን ሳህን እንደተነሣ የሚያውቅ የለም። ሌላም ነገር አለ። በዚህች ከተማ ሥጋ ቤቶች የክርስቲያንና የሙስሊም ተብለው ይለያሉ፤ የጾምና የፍስክ ምግብ በአንድ ማማሰያ አይነካም። ቡሌ ውስጥ ይህ ሁሉ ድንበር ይፈርሳል። ድሃው የሚያጣው ጤናውን ብቻ አይደለም፤ የሚበላውን የመምረጥና በእምነቱ የመኖር መብቱንም ነው።

ስለዚህ ልዩነቱ ሥጋው ላይ አይደለም። ልዩነቱ ሰዓቱና እጁ መታወቁ ነው።

ቤት ውስጥ ይህን ማድረግ ቀላል ነው። የተረፈውን ጥብስ ወይም ቅቅል ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ማስገባት፣ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥም መጠቀም። አጥንቱንና ጅማቱን አውጥቶ በቢላ ማድቀቅ። አንድ ጊዜ የበሰለ ሥጋ እንደ ጥሬው እርስ በርሱ አይያያዝም፤ ለግማሽ ኪሎ አንድ ዕንቁላልና አንድ ሁለት እፍኝ የዳቦ ፍርፋሪ ወይም የተፈጨ ድንች ያስፈልገዋል። ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሮ፣ ጠፍጠፍ አድርጎ፣ ትንሽ አቀዝቅዞ፣ መሃሉ ድረስ እስኪግል መጥበስ ነው። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሲቆም ያደረ ሥጋ ግን አያሳሳ።

ለከተማዋስ? «ቡሌ ይከልከል» የሚሉ አሉ። ምክንያታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ሌላ ምግብ ሳይቀርብ መከልከል የተራበውን ሰው ከነረሃቡ መተው ነው። «ቢያንስ ይበላሉ» የሚሉም አሉ። እነዚህ ደግሞ ለራሳቸው ልጅ የማይሰጡትን ለሰው ልጅ ፈቀዱ ማለት ነው። መንገዱ በመሃል ያለ ይመስለኛል። ከድስት ያልወጣና ማንም ያልነካው ምግብ አንድ ነገር ነው፤ ከሳህን የተመለሰ ሌላ ነው። ሁለተኛው ለሰው መቅረቡ መቆም አለበት። የመጀመሪያው ግን ጾሙ ከፍስኩ ተለይቶ፣ የተሠራበት ሰዓት ተጽፎበት፣ ቀዝቅዞ በዕለቱ ሊደርስ ይችላል። የከተማ አስተዳደሩ «ተስፋ ብርሃን» ብሎ የከፈታቸው የምገባ ማዕከላት አሉ። ከድስት የሚተርፋቸው ሆቴሎችና እነዚህ ማዕከላት በግልጽ ደንብ ቢገናኙ፣ ወጪው ከማቀዝቀዣና ከመኪና ብዙም አያልፍም።

ቋንጣን ያከበረ ሕዝብ ትራፊን ማክበር አያቅተውም። ያልለመድነው ለማናውቀው ሰው የሚደርሰውን ትራፊ እንደ ቤታችን መጠንቀቅ ነው። ለበርሜልና ለጎማ ሁለተኛ ዕድሜ የሰጠች መርካቶ፣ ለተሸካሚዋ ንጹሕ ምሳ ልትነፍገው አይገባም።