ሲሄዱ ክልል አልነበረም

ወሎ ውስጥ ዕድሜያቸው ከስልሳ ባለፈ ሰዎች መሀል ቁጭ ብላችሁ «ሰፈራ» የምትለዋን ቃል ጣል አድርጉ። ጨዋታው ወዲያው ይቀየራል። አንዱ ወንድሙን ያነሳል፣ አንዷ እህቷን ከነልጆቿ ታነሳለች፣ ሌላው የጎረቤቱን ቤተሰብ አንድ በአንድ በስም ይጠራል። «መተከል ናቸው»፣ «ወለጋ ገብተው እዚያው ቀሩ»፣ «ጋምቤላ ሄዶ ወሬው ጠፋ» ይሏችኋል። ከዘመድ መሀል አንድ ሰፈራ የሄደ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው።

እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ታሪክ ሳስተምር ግን ነገሩ በየዓመቱ ይገጥመኛል። ተማሪዎቼ «መጤ» እና «ነባር» የሚሉትን ቃላት ከስልካቸው ላይ ለቅመው ነው ክፍል የሚገቡት። እነዚያ ቤተሰቦች ከሀገሪቱ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው እንዴት እንደሄዱ፣ ማን እንደወሰዳቸው ግን ብዙዎቹ አያውቁም። እናማ ዛሬ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፤ ታገሱኝ።

ሰፈራ በ1977 ዓ.ም. አልተጀመረም። በንጉሡ ጊዜም ሙከራዎች ነበሩ። ነገር ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን በሙሉ የሕዝብ ንብረት ሲያደርግ፣ መሬት የመስጠትም የመንሳትም ሥልጣን መንግሥት እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ ደርግ በእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በኩል በየቦታው የሰፈራ ጣቢያዎችን ከፈተ። ወጪያቸው ብዙ፣ ምርታቸው ትንሽ ነበር፤ አብዛኞቹም ራሳቸውን አልቻሉም። ይህ ልምድ በእጁ እያለ ነው መንግሥት ወደ ትልቁ ዘመቻ የገባው።

1977ን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዝናብ ጠፍቶ ወሎ፣ ትግራይና ሰሜን ሸዋ ተራበ። የኮረም መጠለያ ምስል በጥቅምት ወር ዓለምን አዳረሰ። ኢሠፓ ከተመሠረተ፣ የአብዮቱም አሥረኛ ዓመት በድግስ ከተከበረ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። በዚያው ሰሞን 300,000 አባወራ፣ በጠቅላላው 1.5 ሚሊዮን ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ይዛወራል የሚል ዕቅድ ወጣ። የተሰጠው ምክንያት ሲሰሙት ቀላል ነው፦ የሰሜኑ መሬት ደክሟል፣ ሕዝቡም በዝቶበታል፤ በምዕራብ ደግሞ ለም መሬት ባዶውን ተኝቷል። የመንግሥት ተቃዋሚዎች በበኩላቸው ዓላማው አማፂያን ከሚንቀሳቀሱባቸው ቦታዎች ሕዝቡን ማራቅ ነው አሉ።

በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ተጓጓዘ። ከግማሽ በላዩ የወሎ ሰው ነው። የቀረው በአብዛኛው ከሸዋና ከትግራይ ነበር። ትልቁ ድርሻ ወለጋ ገባ፤ ሌላው ወደ ኢሉባቦር (ያኔ ጋምቤላ በኢሉባቦር ሥር ነበር)፣ ወደ ከፋና ወደ ጎጃም መተከል ተላከ።

እንዴት ተመለመሉ? እዚህ ላይ እውነቱን ሁለቱንም መናገር ይገባል። ረሃቡ አንገፍግፏቸው፣ «እዚህ ከመሞት» ብለው በፈቃዳቸው የተመዘገቡ አሉ። ግን ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ይደርሰው ነበር። ኮታው ካልሞላ ደግሞ ሰው ከገበያ ታፍሷል፤ የእርዳታ እህል ሊቀበል ወጥቶ ሳይመለስ መኪና ላይ የተጫነ አለ። ባል በአንድ መኪና፣ ሚስት በሌላ፣ ልጅ አያቱ ጋ ቀርቶ የተበታተነው ቤተሰብ ብዙ ነው። ዛሬ ጠፍተው የቀሩ ዘመዶች የምንላቸው ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የጠፉ ናቸው።

ጉዞው በከባድ መኪና፣ በአውቶቡስና ሶቪየቶች ባቀረቡት አንቶኖቭ አውሮፕላን ነበር። አንቶኖቭ የጭነት አውሮፕላን ነው፤ ውስጡ ሰው እንደ እህል ተጠቅጥቆ ነው የሄደው። በረሃብ የደከመ ሰውነት ከደጋ ተነስቶ ቆላ ወረደ። ወባ ጠበቀው። በሬ ይዞ የሚያርስ ገበሬ ገንዲ ከብት የሚፈጅበት አገር ገባ። በሰፈራው ምክንያት ያለቀው ሰው ስንት እንደሆነ አጥኚዎች አይስማሙም፤ በአሥር ሺዎች እንደሚቆጠር ግን ብዙም አያከራክርም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት የፈረንሳይ ክፍል ዘመቻውን በአደባባይ በመንቀፉ በ1978 ዓ.ም. ከሀገር ተባረረ። በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ ሰፈራው ለጊዜው ቆመ።

የደረሱት ደግሞ ሁለት ዓይነት ኑሮ ጠበቃቸው። አንዱ «ስግሰጋ» ነው፤ ጥቂት ጥቂት አባወራ በነባሩ ገበሬ መሀል ይሰገሰጋል። ሌላው መደበኛው ሰፈራ ነው፤ ደን ተመንጥሮ፣ በትራክተር እየታረሰ፣ በማኅበር እየተሠራ፣ እህል በነጥብ የሚታደልበት ትልቅ ጣቢያ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ሳይቀሩ ለሰፋሪዎች ጎጆ ሊቀልሱ ዘምተዋል። መተከል ፓዌ ላይ በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ፣ በሳሊኒ ኩባንያ ሠራተኝነት የጣና በለስ ፕሮጀክት ተተከለ። የፓዌ መንደሮች እስከ ዛሬ በቁጥር ነው የሚጠሩት። «የት ነው ቤትህ?» ሲባል «መንደር 7» ብሎ የሚመልስ ሰው ታገኛላችሁ። የትውልድ መንደሩ በጅረት ወይም በተራራ ስም የሚጠራ ሰው፣ ልጆቹን ቁጥር ላይ ወለደ።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን እንሂድ። ይህን ክፍል እኛ ሰሜኖቹ ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን።

መሬቱ ባዶ አልነበረም። መተከል የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የአገውም አገር ነው። ጉሙዝ መሬቱን በመቆፈሪያ አርሶ፣ ሲደክም ደግሞ ለዓመታት አሳርፎ ሌላ ቦታ ይዘራል። ጫካው ማሩ ነው፤ አደኑም፣ ሥራሥሩም፣ የክፉ ቀን ጎተራውም እዚያ ነው። ከአዲስ አበባ መጥቶ ያረፈውን መሬት ያየ ባለሙያ «ሰው የለበትም» ብሎ ጻፈ። ደኑ ሲመነጠር የአንድ ሕዝብ ጓዳ እንደተመነጠረ የቆጠረ አልነበረም። በዚያ ላይ ጉሙዝ ከደጋ የሚመጣን ሰው የሚያስታውሰው በክፉ ነው፤ ለትውልዶች ባሪያ ፈንጋይ ወደ አገሩ የወረደው ከደጋ ነበርና። ድንገት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ደገኛ ከመንግሥት ትራክተር ጋር ሲመጣበት ምን ሊያስብ ነበር? ግጭቱ ገና ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀመረ። ሰፋሪው ባልመረጠው ቦታ በቀስት ሞተ፤ ጉሙዙም ባልተጠየቀበት ጉዳይ መሬቱን ለቆ ወደ ውስጥ ሸሸ፣ እሱም ተገደለ።

ልብ በሉ፤ ሁለቱንም የጠየቃቸው የለም። የሚሄደውንም፣ የሚቀበለውንም። የወሰነው አንድ ወገን ነው።

1983 ዓ.ም. መጣ፤ ደርግ ወደቀ። ትራክተሩ ቆመ፣ ቀለቡ ተቋረጠ። ብዙ ሰፋሪ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ትውልድ አገሩ ጉዞ ጀመረ። ግን ምን ጋ ይመለሳል? ጥሎት የሄደው መሬት ለሌላ ሰው ተከፋፍሏል። ወሎ ደርሶ የሰው ቤት ጥገኛ የሆነ፣ ከተማ ወርዶ ቀን ሠራተኛ የሆነ፣ «ይሻለኛል» ብሎ ተመልሶ መተከልና ወለጋ የገባም አለ። የቀረውም ቀረ፤ ልጅ ድሮ፣ የልጅ ልጅ አይቶ።

ከሁሉም በላይ የተለወጠው ግን ካርታው ነው። በ1977 አንድ የወሎ ገበሬ መተከል ሲገባ ከአንድ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ነው የሄደው። መተከል የጎጃም አውራጃ ነበር፤ አሶሳ የወለጋ። አስተዳዳሪውን የሚሾመው ያው የአዲስ አበባ መንግሥት ነው። በ1984 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ አዋጅ ቁጥር 7 ሀገሪቱን በብሔር ብሔረሰብ ላይ በተመሠረቱ ክልሎች ሲያዋቅር፣ መተከልና አሶሳ አንድ ላይ ሆነው የኋላው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሆኑ። ሰፋሪው ከቤቱ አልተነቃነቀም። አንድ ቀን ጠዋት ሲነሳ ግን ሌላ ክልል ውስጥ ነው፤ ያውም ሕገ መንግሥቱ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞን የክልሉ ባለቤቶች ብሎ በሚጠራበት ክልል። እሱ በዚያ ቋንቋ «ሌላው ነዋሪ» ነው።

ለጉሙዝና ለበርታ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ አገራቸው ስማቸው ተጠራ፣ ወንበር ያዙ። ይህን ማቃለል ነውር ነው። ግን መንግሥት ያመጣው ሰፋሪስ ምን ይሁን? የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው የሀገሪቱ ክፍል የመኖር መብት ይሰጣል። አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው ይላል። ሰፋሪው የሚኖረው በእነዚህ በሁለቱ አንቀጾች መሀል ነው።

ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1992ቱ ምርጫ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ለመወዳደር የቀረቡ፣ ከነባሮቹ ብሔረሰቦች ያልሆኑ ዕጩዎች «የአካባቢውን ቋንቋ አታውቁም» ተብለው በምርጫ ቦርድ ታገዱ። አቤቱታቸው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱ በ1995 ዓ.ም. ውሳኔ ሰጠ፦ ዕጩው ማወቅ ያለበት የክልሉን የሥራ ቋንቋ ነው፤ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው፤ ስለዚህ እገዳው ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል። ጥሩ ውሳኔ ነው። ግን ምርጫው ካለፈ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር።

በዚያው በ1995 ሌላ ነገር ሆነ። መንግሥት እንደገና ሰፈራ ጀመረ። በሦስት ዓመት 440,000 አባወራ፣ 2.2 ሚሊዮን ሰው ይሰፍራል ተባለ። ከ1977ቱ ጋር አስተያዩት፦ በፈቃድ ብቻ ነው ተባለ፤ የሚቀበለው ሕዝብ ይመከርበታል ተባለ፤ ለአባወራው እስከ 2 ሄክታር፣ የስምንት ወር ቀለብ፣ ካልተመቸው ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት የትውልድ ቦታው መሬት ሳይነካ ይጠብቀዋል ተባለ። እና አንድ ትልቅ ገደብ ነበረው፤ ሰው የሚሰፍረው በራሱ ክልል ውስጥ ብቻ ነው። የአማራ ክልል ሰው መተማና ቋራ፣ የሐረርጌ ሰው ኢሉባቦር ጨዋቃ፣ እንዲህ እያለ። አፈጻጸሙ ሁሉም ቦታ እንደ ወረቀቱ አልሆነም፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

እኔ ግን ገደቡ ነው የሚያሳስበኝ። መንግሥት ራሱ «ቤተሰብን ከክልል ክልል ማሻገር አደጋ አለው» ብሎ ያመነበት ሰነድ ነው። መልካም፣ ገባው። ታዲያ ቀድሞ የተሻገሩትስ? ለወደፊቱ ሰፋሪ ሲታሰብ፣ በ1977 የሄደውና እዚያው ልጅ ያፈራው ሰው በየትኛው ዋስትና ይኑር የሚለውን ጥያቄ በቅጡ የመለሰ አልነበረም።

መልስ ያልተሰጠው ጥያቄ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. መተከል ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተገደለ። በዚያ ዓመት በመተከል አማራውም፣ ኦሮሞውም፣ ሺናሻውም፣ አገውም፣ ጉሙዙም አልቋል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ቻግኒ መጠለያ ገቡ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። የቶሌ ሰዎች እነማን ናቸው? ብዙዎቹ በዚያ በረሃብ ዘመን ከወሎ ተጭነው የሄዱ ቤተሰቦች፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። እዚያ የተወለደ ሕፃን ከየት መጣ ይባላል?

እዚህ ላይ ለሁለት ዓይነት ሰው አንዳንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ።

«መጤ» ለምትለው ወንድሜ፦ እነዚህ ሰዎች መሬት ሊቀሙህ ጦር ይዘው አልመጡም። በረሃብ አጥንታቸው ወጥቶ፣ መንግሥት ጭኖ አራግፏቸው ነው። ሲሄዱ ክልል የሚባል ነገር አልነበረም። ሂሳብህ ከላካቸው ጋር እንጂ ከእነሱ ጋር አይደለም።

«ኢትዮጵያ ነው፣ የትም እንኖራለን፣ ማንን እንጠይቃለን» ለምትለው ለእኔው አገር ሰው ደግሞ፦ የመኖር መብቱ እውነት ነው፤ ልናስከብረው ይገባል። ግን ያ መሬት ባዶ ነበር ብለህ ለልጅህ አትንገር። ጉሙዙ ያጣውን ጫካ ሳታነሳ የአንተን ቤተሰብ በደል ብቻ ብትቆጥር ማንም አይሰማህም።

በመጨረሻ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በ1977 የ30 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ 70ን አልፏል። እነዚህ ሰዎች እያለቁ ነው። አባታችሁ፣ እናታችሁ፣ አጎታችሁ ሰፈራ ሄደው ከነበረ ጠይቋቸው፦ ማን መዘገባቸው፣ በምን ተጓዙ፣ ማን ቀረ፣ እዚያ ሲደርሱ ማን ተቀበላቸው፣ ማንስ ተፈናቀለ። በስልካችሁ ቅዱት፣ ወይም ደብተር ላይ ጻፉት። ተቀባይ አካባቢ ላደጋችሁም ጥያቄው ያው ነው፤ ሰፋሪው ከመምጣቱ በፊት ያ ቦታ የማን ነበር፣ ምን ይበቅልበት ነበር? የምታውቁትን ከታች ጻፉልን፤ ስድብ ግን አልቀበልም።

ቸር ያሰማን።