ደራሲው ተማረ፣ መጽሐፉን የያዘው ታሰረ

ዊሊያም በርድ የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ጸሎት ቤት የኦርጋን ተጫዋችና የዜማ ደራሲ ነበር። ንግሥቲቱ ፕሮቴስታንት፣ እሱ ደግሞ ካቶሊክ። በዘመኑ ሕግ የካቶሊክ ቅዳሴ ማስቀደስ ያስቀጣል፤ ቄስ መደበቅ ከ1585 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሞት ያስቀጣ ነበር።

በርድ ግን አልተወም። በ1590ዎቹ ሦስት ቅዳሴዎችን ያለ ርእስ ገጽ፣ ያለ ዓመትና ያለ አታሚ ስም አሳተመ። የተዘጋጁትም በካቶሊክ መኳንንት ቤት በምስጢር ለሚሰበሰቡ ምእመናን ነበር።

ንግሥቲቱ ይህን ሰው ትወደው ነበር። በ1592 በእምነቱ የተከሰሰበት ጉዳይ በእሷ ትእዛዝ ቆመ። እሷ ከሞተች በኋላ፣ በ1605፣ አንድ ፈረንሳዊ የበርድን የዜማ መጽሐፍ ይዞ ተገኘና ለንደን ውስጥ ታሰረ። ደራሲው ግን አልታሰረም።

ሙያ ለባለቤቱ ከለላ ሆነ፤ ለተራው ምእመን ግን ከለላ የሚሆነው ሕግ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ አልነበረም።