ከማኬሬሬ እስከ ካትዌ፦ መጽሐፍና ፊልም በካምፓላ

የአፍሪካ ታላላቅ ደራስያን እ.ኤ.አ. በ1962 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በካምፓላው ማኬሬሬ ኮሌጅ ለጉባኤ ተሰበሰቡ። ቺኑዋ አቼቤና ዎሌ ሾይንካ ከናይጄሪያ መጡ፤ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ገና የኮሌጁ ተማሪ ነበር። ድርሰቶቻቸው ወደ ፊልም ሲሻገሩ ግን ካምፓላ አልነበረችበትም። የሾይንካ ተውኔት «የኮንጊ መኸር» በ1970 ፊልም ሲሆን ደራሲው ራሱ ኮንጊን ሆኖ ተወነ። የአቼቤን ገጸ ባሕርይ ኦኮንኮን ደግሞ ፒት ኤዶቺ በ1987 በናይጄሪያ ቴሌቪዥን ተጫወተው።

ኡጋንዳ የገባው ትልቅ ካሜራ የመጣው የውጭ ሰው መጽሐፍ ተሸክሞ ነው። ጆን ሂውስተን የሲ. ኤስ. ፎረስተርን ልብ ወለድ ይዞ በ1951 የታየውን «አፍሪካን ኩዊን» በከፊል በመርቺሰን ፏፏቴና በአልበርት ሐይቅ ዳር በቡቲያባ ቀረጸ። ሐምፍሪ ቦጋርት በዚህ ፊልም ኦስካር ተሸለመ። በፊልሙ የሚታየው ወንዝ ያስደስተኛል፤ የወንዙን ሰዎች ስፈልግ ግን የማገኛቸው ከዳር ነው። በጊልስ ፎደን ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተው የ2006ቱ «የስኮትላንድ የመጨረሻው ንጉሥ» ካምፓላ ውስጥ ገብቷል፤ ፎረስት ዊተከርም ኢዲ አሚንን ሆኖ ኦስካር ወስዷል። ታሪኩን የምናየው ግን ደራሲው በፈጠረው ስኮትላንዳዊ ሐኪም ዓይን ነው።

ካትዌ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ብረት በያጆች የሚጮኹበት፣ ዝናብ ሲጥል ጎርፍ ቤት የሚገባበት የካምፓላ ሰፈር ነው። ፊዮና ሙቴሲ በቆሎ እየሸጠች ያደገችው እዚያ ነው። ወንድሟን ተከትላ ሮበርት ካቴንዴ ቼዝ ወደሚያስተምርበት ቦታ የሄደችው የሚታደለውን አጥሚት ተስፋ አድርጋ ነበር፤ በ2010 አገሯን ወክላ በቼዝ ኦሊምፒያድ ተሰለፈች። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ቲም ክሮዘርስ ታሪኳን በ2012 መጽሐፍ አደረገው፣ ሚራ ናይር በ2016 «የካትዌ ንግሥት» ብላ ቀረጸችው።

ናይር ሕንድ ብትወለድም ካምፓላ ቤቷ ናት፤ በ2004 ለምሥራቅ አፍሪካ ወጣቶች ማይሻ የተባለ የፊልም ማሠልጠኛ ከፍታለች። ፊልሙ ላይ ይህ ይታያል። ሉፒታ ንዮንጎ የእናትየውን፣ ዴቪድ ኦየሎዎ የአሠልጣኙን ቦታ ቢይዙም፣ ፊዮናን የሆነችው ከዚያ በፊት ተውና የማታውቀው የካምፓላ ልጅ ማዲና ናልዋንጋ ናት። እዚህ የሰፈሩ ሰው መሀል ላይ ቆሟል፤ ኡጋንዳ ውስጥ ከተቀረጹት ከእነዚህ ሦስት ፊልሞች የምወደውም ይኼንን ነው።

ካምፓላ ውስጥ አንድ ፊልም ደግሞ ዳግመኛ ይተረካል። በቪዲዮ ቤቶች «ቪጄ» የሚሏቸው ተራኪዎች ማይክ ይዘው የውጭውን ፊልም በሉጋንዳ እየተረጎሙ፣ እየቀለዱና እየመረቁ ያስኬዱታል። እኛም አገር «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ ሳያነቡ በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ የሚያውቁት ብዙ ናቸው፤ የመጽሐፉ ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሳ ጆሯቸው ውስጥ የሚናገረው በወጋየሁ ድምፅ ነው። ስለዚህ የቪጄን ሥራ ከድርሰት በታች አድርጌ አላየውም።

ኡጋንዳዊው ኦኮት ፕቢቴክ በ1966 በእንግሊዝኛ ያሳተመው ረጅም ግጥም ላይ ላዊኖ የምትባል የአቾሊ ሴት የአባቶቿን ወግ የናቀውን ባሏን ፊት ለፊት ትወቅሳለች። ከአንድ ቪጄ አጠገብ እሷን በሸራ ላይ ብመለከት ደስ ይለኛል፤ የካትዌ ተመልካች ላዊኖ ስትናገር እንዴት እንደሚመልስላት መስማት እፈልጋለሁ።