የአምባው በርና የዛፍ ጠላቶች

በወሎ፥ በአምባሰል የሚገኘውን የግሸንን አምባ ያላየው ሰው እንኳ በዝና ያውቀዋል። ቅርጹ መስቀል የሚመስል፥ ዙሪያውን ገደል ያጠረው፥ መውጫውም አንድ በር ብቻ የሆነ ተራራ ነው። በጥንት ዘመን የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት ይህ አምባ፥ የኢማም አሕመድ ሠራዊት በ1540 እስኪይዘው ድረስ ለጠላት አስቸጋሪ ሆኖ ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚህ የምንማረው፥ ጠላትን በር ላይ ማገድ ከገባ በኋላ ከማሳደድ እንደሚቀል ነው። ዛፍን ከተባይ መጠበቅም እንዲሁ ነው።

የሰው ልጅ ይህን ትግል የጀመረው ዛሬ አይደለም። ቻይናውያን ከ1,700 ዓመት ገደማ በፊት የብርቱካን ዛፋቸውን ከተባይ እንዲጠብቁላቸው የጉንዳን ጎጆ እየገዙ በቅርንጫፉ ላይ ይሰቅሉ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ በ1868 ገደማ ከአውስትራልያ የመጣ፥ ጥጥ የለበሰ የሚመስል ተባይ በካሊፎርኒያ ታየና የብርቱካኑን እርሻ ሊያጠፋው ደረሰ። በ1888 አልበርት ኮቤሌ የተባለ ሊቅ ወደ አውስትራልያ ተልኮ የዚህን ተባይ ጠላት፥ አንዲት ትንሽ ጥንዚዛ፥ አገኘ። ጥንዚዛዋ በተለቀቀች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተባዩ ተሸነፈ። ነገር ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ በተረጨበት ስፍራ ወዳጂቱ ጥንዚዛ አለቀችና ተባዩ እንደገና ተነሣ። መድኃኒት ያለ ዕውቀት ሲረጭ ጠባቂውን ገድሎ ሌባውን ያስገባል።

ወደ አፍሪካችን ስንመለስ፥ በ1986 የጽድ ክሽክሽ በማላዊ ታየ። ይህ ጥቃቅን ተባይ የቅርንጫፉን ፈሳሽ እየመጠጠ ዛፉን ያደርቃል። በ1990 ኬንያ ደረሰ፤ ቆይቶም ወደ አገራችን ገባ። የሚያጠቃውም የፈረንጁን ጽድ ብቻ ሳይሆን የአገራችንን ጽድ ጭምር ነው። ማላዊ በ1994 ከአውሮፓ የመጣች ትንሽ ተርብ ለቃ ተባዩን ለመቀነስ ችላለች። የደጋው ሕዝባችን ቤቱን የሚሠራበት፥ አብያተ ክርስቲያናቱም የሚከበቡበት ዛፍ ጽድ ነውና፥ ይህ ነገር ለአምባሰል ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም።

በሩን ከፍቶ ተባይ ማስገባት ምን እንደሚያመጣ በትግራይ ታይቷል። ከ2000 በኋላ ለቀይ ቀለም ተብሎ የገባው ኮቺኒል የተባለ ነፍሳት ከተወሰነለት ቦታ አልፎ የገበሬውን በለስ አጠፋ። በክረምት በበለስ ይደገፍ የነበረ ብዙ ቤተ ሰብ ተጎዳ።

ስለዚህ መንግሥት በ1971 የዕፅዋት ጥበቃ ድንጋጌ፥ በ1992ም የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ ማውጣቱ ተገቢ ነበር። ሕጉ የአገሪቱን በር ይጠብቃል፤ የየግቢውን በር የምንጠብቀው ግን እኛ ነን። በጃፓን ቦንሳይ የሚባለውን ድንክ ዛፍ፥ ከጽድ ወገን የሆነውን ጭምር፥ በሸክላ የሚያሳድጉ ሰዎች ቅጠሉን ሁልጊዜ እየገለጡ ይመረምራሉ። እኛም ለችግኞቻችን ይህን ትጋት ብናደርግ ምን ይከብደናል?

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን! ምንጩ ያልታወቀ ችግኝ አናምጣ። የጽድ ቅርንጫፍ ያለ ምክንያት ሲቀላ፥ ቅጠሉም ሙጫ መሳይ ጣፋጭ ፈሳሽ ሲለብስ ካየን ለግብርና ባለሙያ ቶሎ እንንገር። በትንንሽ ችግኝ ላይ የታየውን ተባይ በሳሙና ውኃ እንጠበው፤ ክፉኛ የተበከለውን ቅርንጫፍ ቆርጠን እናቃጥለው። ጥንዚዛዋንና ተርቧን አንግደል፤ ዘበኞቻችን ናቸውና። ጽድ ብቻውን ከሚተከል ከወይራና ከሌላም የአገር ዛፍ ጋር ቢደባለቅ፥ አንድ ተባይ ሁሉን በአንድ ጊዜ አያጠፋውም። ጽድ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ ለመድረቅ ግን ጥቂት ወራት ይበቁታል። አባቶቻችን ተክለው የተዉልንን ለልጆቻችን ለማቆየት፥ የአምባውን በር እንደ ጠበቁት ዘበኞች እንትጋ።