ሜዲኬር ባሕር አይሻገርም፦ ጠቅልሎ ለመግባት ለሚያስብ ወገን

የምኖረው ዴንቨር ውስጥ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው አቅጣጫ፣ ግሪን ቫሊ ራንች ነው። ሰፈሩ አበሻ የበዛበት ስለሆነ ቅዳሜ ቡና ላይ ስንሰበሰብ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ጡረታ ወጥቶ አገር ቤት ስለመግባት ይሆናል። ቤት መሥሪያው ስንት እንደሚፈጅ እንከራከራለን። «ስንታመምስ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። እኔም 63 ዓመቴ ነውና ይህን ጥያቄ አጥብቄ እንድይዝ ያደረገኝ በአንድ ጎረቤቴ የደረሰው ነው።

ጋሼ እላቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አዲስ አበባ ሲገቡ «ለማልጠቀምበት ነገር በየወሩ ለምን እከፍላለሁ?» ብለው የሜዲኬራቸውን ፓርት ቢ አቋረጡ። በ2023 ኤፕሪል ልባቸውን ታመው ለሕክምና ተመለሱ። ያቋረጠ ሰው እንደገና የሚመዘገበው ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ብቻ ስለሆነ ቀኑ አልፎባቸው ነበር። ፓርት ኤ የሆስፒታሉን ሂሳብ ቢሸፍንም፣ የሐኪሞቹን ክፍያ የሚሸፍነው ፓርት ቢ ነውና እስከ ፌብሩዋሪ 2024 ድረስ ያ ሁሉ በራሳቸውና በልጆቻቸው ጫንቃ ላይ ወደቀ። ሲመዘገቡም በወር ክፍያቸው ላይ 30 በመቶ ቅጣት ተጨመረ፤ እሱም እድሜ ልክ የሚከፈል ነው።

ጥፋታቸው አለማወቅ ብቻ ነበር። ስለዚህ የማውቀውን በየፈርጁ ላስቀምጥ።

በአሜሪካ በኩል

ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። 10 ዓመት ሠርቶ ግብር የከፈለ ሰው ፓርት ኤን ያለ ወር ክፍያ ስለሚያገኝ እሱን መያዝ አያስወጣም። ፓርት ቢ ግን መደበኛ የወር ክፍያው በ2025 185 ዶላር ነበር፤ በየዓመቱም ይሻሻላል። ሳይኖረን ላለፈው ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት አለው። ጡረተኛ ሆኖ ውጭ አገር መኖር ከዚህ ቅጣት አያድንም። ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ፓርት ዲ ግን አትጨነቁ፤ ውጭ የሚኖር ሰው ስለማይፈቀድለት፣ በተመለሰ በ2 ወር ውስጥ ቢመዘገብ አይቀጣም።

ሜዲኬር አድቫንቴጅ የያዛችሁ፣ ከአገልግሎት ክልላችሁ ከ6 ወር በላይ ከራቃችሁ በአብዛኛው ትሰረዛላችሁ። አንዳንድ የሜዲጋፕ ዓይነቶች ውጭ አገር ለሚያጋጥም ድንገተኛ ሕመም፣ ከመጀመሪያው 250 ዶላር በኋላ 80 በመቶውን ይከፍላሉ። ይህም የሚሠራው በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ሲሆን ጣሪያው በሕይወት ዘመን 50,000 ዶላር ነው። ለዘመድ ጥየቃ ይበቃል፤ ለኑሮ ግን አይሆንም።

የኮሎራዶ ሜዲኬይድ ለኮሎራዶ ነዋሪ ብቻ ነው። ኤስኤስአይ የሚቀበል ሰው ለ30 ተከታታይ ቀናት ከአገር ከወጣ ክፍያው ይቋረጣል። ግሪን ካርድ የያዘ ደግሞ ያለ መመለሻ ፈቃድ አንድ ዓመት ከቆየ ካርዱን ሊያጣ ይችላል።

በአገር ቤት በኩል

በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ለመግባትና ለመኖር ይጠቅማል እንጂ የጤና ኢንሹራንስ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የታሰበው ለገበሬውና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ተመላሹ በአብዛኛው ከኪሱ ከፋይ ነው፤ የግል ሆስፒታሎችም ቅድሚያ ገንዘብ ይጠይቃሉ።

ሐኪም የለም ማለቴ አይደለም። ጥቁር አንበሳ አንጋፋ የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል፤ ኮሪያ ሆስፒታል የምንለውም አለ። ችግሩ መድኃኒት የሚጠፋበት ጊዜ መኖሩ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው፤ ከመታመማችሁ በፊት ጻፉት።

የቦታ ከፍታም ይታሰብ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች፤ የልብና የሳንባ ሕመም ያለበት ሐኪሙን ያማክር። አዲስ አበባ ወባ የለም፤ ባሕር ዳር ግን አለ።

ከመነሳታችሁ በፊት

የሕክምና ማኅደራችሁን ቅጂ ያዙ። መድኃኒታችሁን በንግድ ስሙ ብቻ ሳይሆን በጄኔሪክ ስሙ አስጽፉ፤ አገር ቤት ፋርማሲ የሚያውቀው በዚያ ነውና። ከአገር ወደ አገር በአውሮፕላን የሚያጓጉዝ የድንገተኛ ሕክምና ኢንሹራንስ ጠይቁ፤ በእድሜ የሚገድብ ስላለ ውሉን አንብቡ። የኮሎራዶ ኢንሹራንስ ክፍል ስለ ሜዲኬር የሚሰጠው ምክር በነፃ ነው፤ ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት ጎራ በሉ።

እኔ በበኩሌ 65 ሲሞላኝ ፓርት ቢን ልይዝ፣ ሳላቋርጥም ልከፍል ወስኛለሁ። መጀመሪያ ለ6 ወር ሄጄ፣ ሳልታመም የማምነውን ሐኪም ፈልጌ፣ የደም ግፊት መድኃኒቴ በቋሚነት እንደሚገኝ አይቼ ነው የምጠቀልለው። ባለቤቴ «ይህ ሁሉ ገንዘብ ለማንም ላይጠቅም» ትላለች። ባይጠቅመን ደስታዬ ነው። ጋሼ ግን ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ ሰምተውን «ልጄ፣ ሳይቃጠል በቅጠል» አሉና ዝም አሉ።

ቸር ይግጠመን።