የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ የኮስፕሌይ ልብስ ታሪክ

ያማረ ልብስ የለበሰ ሰው አደባባይ ሲወጣ ተመልካች የሚጠይቀው «ማነው?» ብሎ ነው። «ማን ሰፋው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ አመል የነገሥታትን ታሪክ ብቻ ሳይሆን የጨዋታንም ታሪክ አጉድሎብናል። «ኮስፕሌይ» የሚባለው የዘመናችን ወጣቶች ልማድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ኮስፕሌይ ማለት ከልቦለድ፣ ከፊልም፣ ከካርቱን ወይም ከቪዲዮ ጌም አንድ ገጸ ባሕርይ መርጦ፣ ልብሱን፣ ጸጉሩንና የጦር መሣሪያውን አስመስሎ ሠርቶ፣ እርሱን ሆኖ መታየት ነው። የልጆች ቧልት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ይሁን እንጂ ቧልቱ ከሰማንያ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ መነሻውም መርፌ የያዘች አንዲት ሴት ናት። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጁላይ 1939 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ልቦለድ ጉባኤ በኒው ዮርክ ተከፈተ። በዚያው ወቅት ከተማዋ ስለ ነገው ዓለም የሚሰብክ ታላቅ ኤግዚቢሽን ታሳይ ነበር። ጉባኤው ላይ የተገኙት ሁለት መቶ ያህል ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ከሎስ አንጀለስ የመጡት ፎረስት አከርማንና ሚርትል ዳግላስ የመጪውን ዘመን ሰዎች መስለው፣ ካባ ደርበው ብቅ አሉ። የአለባበሳቸው ሐሳብ የተቀዳው የሳይንስ ልቦለድ መጽሔቶችን ሽፋን በመሣል ከታወቀው ከፍራንክ ፖል ሥዕሎችና የኤች. ጂ. ዌልስን ድርሰት መሠረት አድርጎ በ1936 ከተሠራው ፊልም ነበር።

ከዚያ በኋላ ዝናው የአከርማን ሆነ። እርሱ በአስፈሪ ፊልሞች መጽሔቱ ስሙ ገነነ፤ እስከ 2008 ድረስም ኖሮ ታሪኩን ደጋግሞ ለመተረክ በቃ። ዳግላስ ግን በ1964 አረፈች። ልብሱን የነደፈችውና የሰፋችው እርሷ ነበረች፤ ይህንንም አከርማን ራሱ እርሷ ካረፈች በኋላ በጻፈው መታሰቢያ መስክሯል። ቢሆንም ለብዙ ዓመታት የኮስፕሌይ አባት ሲነሳ፣ ባለመርፌዋ የምትጠቀሰው አብራው እንደነበረች ጓደኛ ብቻ ነበር። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያለ የሚሰድብ፣ ሸማውን ግን ለክት የሚያስቀምጥ ኅብረተሰብ ለኖረበት አገር ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ1940፣ ጉባኤው ቺካጎ ላይ ሲደረግ የአልባሳት ውድድር ተጨመረበት። ልማዱም ጸና። ልማድ ሲጸና ደግሞ ሕግ ይከተላል። በ1972 ሎስ አንጀለስ ላይ አንድ የካርቱን ሠዓሊ ገላውን የለውዝ ቅቤ ተለቅልቆ መድረክ ወጣ። ቅቤው በመብራቱ ሙቀት እየቀለጠ የሌሎቹን የድካም ፍሬ አበላሸ። ከዚያ ወዲህ የለውዝ ቅቤ ለብሶ መምጣት ክልክል ነው የሚል ደንብ ወጣ ይባላል። ደንቡ ያስቃል፤ ቁም ነገሩ ግን ወራት የተለፋበት ስፌት በአንድ ሰው ቀልድ መበላሸት የለበትም የሚል ነው።

ስሙን ያወጡለት ጃፓኖች ናቸው። ከ1975 ጀምሮ ቶኪዮ ውስጥ ኮሚኬት የሚባል የአማተር ካርቱን አዘጋጆች ገበያ ይካሄዳል፤ ወደዚያ የሚመጡ ወጣቶችም የሚወዷቸውን ገጸ ባሕርያት መስለው መልበስ ያዙ። ኖቡዩኪ ታካሃሺ የተባለ ጸሐፊ በ1983 ስለ ጉዳዩ «ማይ አኒሜ» በተባለ መጽሔት ሲጽፍ ስም ቸገረው። አሜሪካኖቹ የሚሉት «ማስከሬድ» ወደ ጃፓንኛ ሲመለስ የመሳፍንት ጭፈራ ሆነበት። ስለዚህ «ኮስትዩም» እና «ፕሌይ» የሚሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ቆራርጦ «ኮስፑሬ» አለው። ቃሉ ራሱ እንደ ጥብቆ ከሁለት ቁራጭ ጨርቅ የተሰፋ ነው ማለት ይቻላል።

የቪዲዮ ጌም ጀግኖች ወደዚህ ዓለም ሲገቡ የልብስ ሰፊው ፈተና መልኩን ለወጠ። ምክንያቱን ለመረዳት በ1981 «ዶንኪ ኮንግ» በተባለው ጨዋታ ብቅ ያለውን፣ ኋላ ማሪዮ የተባለውን ሰውዬ ማየት ይበቃል። ሽገሩ ሚያሞቶ ሲሥለው የተሰጠው ቦታ 16 በ16 ነጥብ፣ ቀለሙም ሦስት ብቻ ነበር። ሲዘል ጸጉሩን ማንቀሳቀስ ስላስቸገረ ቆብ ደፋለት። አፍ ለመሣል ቦታ ስለጠበበ ሪዝ አበጀለት። የክንዱ እንቅስቃሴ ከገላው ተለይቶ እንዲታይ ደግሞ ባለማንገቻ ሱሪ አለበሰው። ዓለም የሚያውቀው ያ አለባበስ የመጣው ጌጥ በመፈለግ አይደለም፤ ከማጣት ነው።

ለቤት ሰፊው ማሪዮ ቀላል ነው፤ ሱሪውና ቆቡ ከሰልባጅ ተራም ይገኛል። በ1991 «ስትሪት ፋይተር 2» ላይ የመጣችው ቹን ሊ ግን በሰማያዊ የቻይና ቀሚሷና በሾሃማ አምባሯ ሥራውን አከበደችው። በ1997 «ፋይናል ፋንታሲ 7» ሲወጣም፣ ቁመቱን የሚያህል ሰይፍ የሚሸከመው ክላውድ የባሰ ራስ ምታት ይዞ መጣ። ክላውድ በጨዋታው ሜዳ ላይ እጁ ጡብ የሚመስል አሻንጉሊት ነው፤ በሥዕሉ ላይ ግን ቀጭን ጎረምሳ ነው። ሰፊው የቱን ይከተል? ከኪሱ በስተጀርባ፣ ከብብቱ ሥር ምን ዓይነት ስፌት አለ? ማሽኑ አያሳይም። ሠዓሊው የተወውን የሚሞላው እንግዲህ ባለመርፌው ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከልክ ነው። ጥሩር የሚሠራ ሰው ደረቱን በስስ ላስቲክ ያስጠቀልላል፤ በላዩ ፕላስተር ይለጠፍበትና የጥሩሩ መስመር በእስክሪብቶ ይሣላል። ከዚያ ተቀድዶ ሲወጣና በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ሲዘረጋ ቅድ ይሆናል። ለነጠላ ጫማ ሶልና ለሕፃናት ምንጣፍ የሚያገለግለው ለስላሳ ላስቲክ በቅዱ ልክ ተቆርጦ፣ በሙቀት ጎብጦ፣ ጫማ ሠሪዎች በሚያውቁት ዓይነት ማስቲሽ ይጣበቃል። ቀለም እንዳይመጥ በኮላ ይሸፈናል፤ ጥቁር ይቀባል። ሲደርቅ በብሩሽ ጫፍ የተነካ የብር ቀለም ጠርዝ ጠርዙን ይዳበሳል። በዚህ ጊዜ የነጠላ ጫማው ላስቲክ ዘመን የጠገበ ብረት መስሎ ቁጭ ይላል።

ትልቁ ችግር ግን ከዚህ በኋላ ነው። የጨዋታ ጀግና አያልበውም፤ ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ ሽንት ቤት አይሄድም፤ ጠባብ በር ቢያጋጥመው ትከሻው አይሰነቀርም። ሰው ግን ሰው ነው። ስለዚህ ከሥዕሉ ላይ የሌለ ዚፕ በስፌት ውስጥ ይደበቃል፤ ብብት ሥር መተንፈሻ ይተዋል፤ ሰይፉ ተነጣጥሎ ሻንጣ እንዲገባ ይደረጋል። ኮሚኬትም ተሳታፊዎች ለብሰው ከቤት እንዳይመጡ፣ እዚያው መለወጫ ክፍል ገብተው እንዲለብሱ ስለሚጠይቅ፣ ልብሱ ተጣጥፎ መጓዝ መቻል አለበት። አድናቂው የማያየው ይህ ሁሉ ብልሃት የሰፊው የራሱ ድርሰት ነው።

ዛሬ ፋብሪካ የሰፋውን የማሪዮን ወይም የቹን ሊን ልብስ ገዝቶ መልበስ ይቻላል። ጊዜ የሌለውን ሰው በዚህ መውቀስ አይገባም። ነገር ግን አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት በከንቱ አይደለም። በእጁ የሠራ ሰው ሰይፉ ቢጣመምበት ለምን እንደተጣመመ ያውቃል፤ ስፌቱ ቢተረተር መልሶ ይሰፋዋል። በአሜሪካኖቹ ጉባኤዎች የእጅ ሥራ የሚመረምሩ ዳኞች ከመድረክ ጀርባ ልብሱን ቀረብ ብለው ያያሉ፤ ገበሩንና የስፌቱን አጨራረስ ይመለከታሉ፤ ማን እንደሠራውም ይጠይቃሉ። መድረክ ላይ የሚያጨበጭበው ሕዝብ ጀግናውን ሲያይ፣ እነርሱ የሚፈልጉት የመርፌዋን መንገድ ነው።

ሚርትል ዳግላስ ይህ ጥያቄ በጊዜው ቢጠየቅላት ኖሮ ስሟ ከአከርማን ስም እኩል በተጻፈ ነበር። በቅርብ ዓመታት የኮስፕሌይን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የእርሷን ድርሻ ማንሳት ጀምረዋል። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ከመቅረት ይሻላል። የኮስፕሌይ ልብስ ለብሶ የሚያልፍ ወጣት ሲያጋጥመን ማንን እንደመሰለ ባናውቅ አያሳፍርም። ማን እንደሰፋው መጠየቅ ግን ለማንኛችንም አይከብድም።